በባርነት ተሸጠው ሐኪም የሆኑት የሐበሻ ልጆች



በየቤታችን የምናውቀው አንድ ነገር አለ። እናት ወይም እህት ትታመማለች። «ምን ሆነሽ?» ስትባል «ምንም አይደል፣ የሴት ነገር ነው» ትላለች። ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል። አባት ደግሞ አይጠይቅም፣ ወንድም ፊቱን ያዞራል፣ ጎረቤት ዳማከሴ ይዛ ትመጣለች። ሐኪም ቤት ይኬድ ከተባለም «ሴት ሐኪም አለች ወይ?» ይባላል። ከሌለች ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ያ ሌላ ቀን አንዳንዴ ይመጣል፤ አንዳንዴ ሳይመጣ ይቀራል።

ይህ ችግር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ከሺህ ዓመት በፊት በአንደሉስ የነበረ ሙስሊም ሐኪም በመጽሐፉ ጽፎታል። በ1832 ደግሞ የግብፅ መንግሥት ለዚሁ ችግር መፍትሔ ብሎ ትምህርት ቤት ከፍቷል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ግን የዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተማሪዎች እነማን እንደነበሩ ነው። ከመካከላቸው ከእኛው ምድር ተነጥቀው፣ ካይሮ ገበያ ላይ የተሸጡ ልጃገረዶች ነበሩ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እነሱና ስለ ተዉልን አደራ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◆ መጀመሪያ እንዴት ነበር?

በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሴት ልጅ ማከሟ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) ቁስለኞችን የሚያክሙበት ድንኳን ነበራቸው። ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በኸንደቅ ዘመቻ በቆሰሉ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ እሳቸው ድንኳን እንዲወሰዱ አዘዋል። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) ከነብዩ ጋር በሰባት ዘመቻዎች ወጥተው በሽተኛ አስታመዋል፣ ቁስለኛ ተንከባክበዋል። አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ) መጻፍ ከሚያውቁት ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበሩ፤ ለእናታችን ሐፍሳም (ረ.ዐ) መጻፍ አስተምረዋል። የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የሕክምና እውቀት ደግሞ የእህታቸውን ልጅ ዑርዋን ያስደንቀው እንደነበር ተዘግቧል።

ሌላም አለ። የአንሷር ሴቶች ስለ ወር አበባ፣ ስለ ትጥበት፣ ስለ ገላቸው ጉዳይ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ለፊት ይጠይቁ ነበር። እናታችን ዓኢሻም ሐያእ ዲናቸውን ከመማር አላገዳቸውም ብለው አሞግሰዋቸዋል። ልብ እንበል፦ የተሞገሱት ሐያእ ስለሌላቸው አይደለም። ሐያእ ኖሯቸውም ስለጠየቁ ነው። ከእኛ ቤት ዝምታ ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይታያል።

◆ የአዝ-ዘህራዊ ችግር

አቡል-ቃሲም አዝ-ዘህራዊ በኮርዶባ አቅራቢያ የኖረ፣ በ1013 ገደማ የሞተ ታላቅ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ነው። «አት-ተስሪፍ» የተባለው መጽሐፉ 30 ክፍሎች አሉት። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን የመሣሪያዎቹን ሥዕል ሳይቀር ይዟል። ወደ ላቲን ተተርጉሞም አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ተምረውበታል።

ይህ ሊቅ ስለ ሴቶች የፊኛ ጠጠር ሲጽፍ እጁ እንደታሰረ ይናገራል። ጨዋ ሴት ገላዋን ለወንድ ሐኪም አታሳይም። ጥበቡን በደንብ የምታውቅ ሴት ሐኪም ደግሞ አትገኝም ወይም እጅግ ብርቅ ናት። ስለዚህ የሚመክረው መላ ይህ ነው፦ የተካነች ሴት ከተገኘች እሷ ትሥራ፤ ካልተገኘች ልምድ ያላት አዋላጅ ትቅረብና ሐኪሙ እየነገራት በእጇ ትዳስስ፣ እሷ ትሥራ።

እንግዲህ አስቡት። በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቀ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ከበር ውጭ ቆሞ፣ አይቶት የማያውቀውን በሽታ በሌላ ሰው እጅ ያክማል። አዋላጇም ማንም ያላስተማራትን ሥራ በሰው አፍ ትሠራለች። ታማሚዋ በሁለቱ መሐል ናት። እውቀት ሞልቶ ነበር፤ ወደ ሴቷ የሚያደርሰው ሰው ግን አልነበረም። ለዚህም ጥፋቱ የሐያእ አይደለም። ሴቶች ሐያእ እንዲኖራቸው የጠየቀ ማኅበረሰብ ሴት ሐኪም ሳያሠለጥን መቅረቱ ነው ጥፋቱ።

◆ ካይሮ፣ 1832

ከዚያ ወዲህ ስምንት መቶ ዓመት አለፈ። ግብፅን የሚገዛው ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ትልቅ ጦር እየገነባ ነበር። ጦር ሰው ይፈልጋል። ሰው ደግሞ በፈንጣጣ፣ በኮሌራና በወረርሽኝ እየረገፈ ነው። ፓሻው ክሎት የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አስመጣ፤ በኋላ ክሎት ቤይ ተባለ። በ1827 ከካይሮ ብዙም በማይርቀው አቡ ዘዕበል የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ወደ ቀስር አል-ዐይኒ ተዛወረ። ተማሪዎቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ።

ወዲያው የአዝ-ዘህራዊ ችግር ተመልሶ መጣ። ወንድ ሐኪም ቤት ገብቶ ሴቶችን ሊያክም፣ ሕፃናትን ከእናታቸው ጉያ ወስዶ ሊከትብ አልቻለም። ስለዚህ በ1832 ለሴቶች ብቻ የሚሆን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከእሱ የሚወጡት ሴቶች ሐኪማት ተባሉ፤ አንዷ ሐኪማ ናት።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ተማሪ ግን ጠፋ። ልጁን ለመላክ ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ አልተገኘም። መንግሥቱ ታዲያ ምን አደረገ? ወደ ካይሮ የባሪያ ገበያ ሰው ላከና አሥር የሐበሻና የሱዳን ልጃገረዶችን ገዛ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች እነዚህ ናቸው። በኋላ ወላጅ አልባ ሕፃናትና ሆስፒታል ታክመው የዳኑ፣ መጠጊያ የሌላቸው ልጃገረዶች ተጨመሩ።

«ሐበሻ» ማለት በዚያ ገበያ የዕቃ ስም ነበር። በዚህ ስም የተሸጡት ብዙዎቹ የኦሮሞና የሌሎች የደቡብና የምዕራብ ሕዝቦች ልጆች ነበሩ። በጦርነትና በአፈና ተይዘው፣ ከፊሉ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች፣ ከፊሉ በሱዳን በረሃ ተነድተው የመጡ ናቸው። በመንገድ የሞተው ብዙ ነው። ገዢም ሻጭም አጓጓዥም ሆነው ከተሳተፉት መካከል ሙስሊሞች እንደነበሩ አንደብቅም። ታሪካችንን ስናወራ ክብሩን ብቻ መርጠን ብናወራ ለእነዚያ ልጆች ሐቃቸውን አንሰጥም። እኛ ዘንድ የአዳም ልጅ የተከበረ ነው። የእነሱን ክብር የነጠቃቸው ሰው ነው።

◆ ምን ተማሩ? ምን ሠሩ?

ትምህርቱ ስድስት ዓመት ይፈጃል። ልጆቹ ዐረብኛ ማንበብና መጻፍ ስለማያውቁ የመጀመሪያው ጊዜ በፊደልና በንባብ አለፈ። ከዚያ ማዋለድ፣ የእርጉዝና የአራስ እንክብካቤ፣ ቁስል ማሰር፣ ዋግምትና አልቅት፣ የተለመዱ መድኃኒቶችን መለየትና ማዘጋጀት፣ ከሁሉም በላይ የፈንጣጣ ክትባት መስጠት ተማሩ።

ሲመረቁ የመንግሥት ደመወዝና የምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ ተሰጣቸው። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የመንግሥት የሕክምና ሠራተኛ ሆና የመኮንን ማዕረግ የያዘች ሴት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ ትዳራቸውንም የወሰነላቸው መንግሥት ነው። ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ምሩቃን ጋር እያጋባ፣ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ወደየአውራጃው ይመድባቸው ነበር።

ሥራቸው ማዋለድ ብቻ አልነበረም። ወንድ ሐኪም ሊገባበት በማይችለው ቤት ገብተው ሴቶችንና ሕፃናትን ከትበዋል። የሞተች ሴት አስከሬን መርምረው በምን እንደሞተች አረጋግጠዋል፤ ይህም ወረርሽኝ ሲነሳ ቶሎ ለመለየት፣ ወንጀል ከተፈጸመም እንዳይሸፈን ረድቷል። የሴቶች ጉዳት በፖሊስ ዘንድ ክርክር ሲያስነሳ የምስክርነት ቃል ይሰጡ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንዲት ሴት ስትሞት «በምን ሞተች?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን የሚመዘግብ ሰው ተገኘ። ለእኛ ቀላል ይመስላል። ግን ስለ ሴቶች ጤና የሚደረግ ጥናት ሁሉ መነሻው ይህ ጥያቄ ነው። ያልተመዘገበ ሞት ማንንም አያስተምርም፤ ነገም በዚያው በሽታ ሌላዋ ትሞታለች።

ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ተምሩሃን የተባለች ሐበሻዊት ነበረች። ተምራ እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። ልጇ ጀሊላም የእናቷን መንገድ ተከትላ አስተማረች፣ አዋላጆች የሚማሩበት መጽሐፍ በዐረብኛ ጻፈች፣ በ1865 መታተም በጀመረው «የዕሱብ አጥ-ጢብ» በተባለው የሕክምና መጽሔትም ጽሑፍ አወጣች። እናቲቱ ከገበያ የመጣች፣ ልጇ ደግሞ የሕክምና መጽሐፍ ደራሲ! በአንድ ትውልድ ውስጥ። ሱብሐነላህ!

◆ ያልተሳካውና የተቀለበሰው

ነገሩ ሁሉ ሰመረ ብንል ግን እንዋሻለን። ሕዝቡ ክትባቱን ፈርቶ ነበር፤ መንግሥት ልጆቹን ለውትድርና ምልክት እያደረገባቸው ነው የሚል ወሬ ነበር። ፓሻው ገበሬውን በግድ እየመለመለ ስለነበር ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። አብዛኛው ወላድ ከዳያዎቹ ማለትም ከልምድ አዋላጆቹ ጋር ቀጠለ። ሐኪማዋ የምትጠራው ምጥ ሲከብድ፣ ጉዳዩ ሲጠና ነው። ትምህርት ቤቱም እንደታሰበው ብዙ ተማሪ አላገኘም።

ለምን? በእኛ ግምት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፦ ሐኪማዋን ሕዝቡ አላላካትም። መንግሥት ለራሱ ጦር ብሎ ከላይ አወረዳት። ዳያዋ ግን የሰፈር ሰው ናት፤ ልደትም ሰርግም ላይ አለች። እውቀቱ ከሐኪማዋ ጋር ነበር፣ አመኔታው ደግሞ ከዳያዋ ጋር። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሳይገናኙ ቀሩ።

በ1882 እንግሊዝ ግብፅን ያዘች። ከዚያ በኋላ የሕክምና ትምህርት ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ተለወጠ። የሐኪማት ትምህርት ቤትም ወደ ነርስነትና አዋላጅነት ዝቅ አለ። መርማሪም፣ አስተማሪም፣ ጸሐፊም የነበረችው ሐኪማ የወንድ ሐኪም ረዳት ሆና ቀረች። ግብፃዊት ሴት ሙሉ ሐኪም ለመሆን ለብዙ ዓመታት ባሕር መሻገር ግድ ሆነባት። ከዚህ የምንማረው አንድ ጊዜ የተከፈተ በር ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ እንደማይቆይ ነው። ጠባቂ ያስፈልገዋል።

◆ ክፍተቱ የእኛ ብቻ አይደለም

አንዳንዱ ወጣት ይህን ሲሰማ «ያደጉት አገሮች ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይል ይሆናል። አለ። መልኩ ብቻ ይለያል።

በ1957 ጀርመን ውስጥ ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት ለገበያ ቀረበ። እርጉዝ ሴቶች ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ጀመር። በ1961 ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በብዙ አገሮች ከ10,000 የሚበልጡ ልጆች እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም ሌላ ጉዳት ይዘው ተወለዱ። መድኃኒቱ በእርግዝና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በወጉ ሳይፈተሽ ነበር የተሸጠው።

ከዚህ አደጋ የተወሰደው ትምህርት ግን ሌላ ክፍተት ፈጠረ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1977 ባወጣው መመሪያ፣ መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዲቀሩ አደረገ። ለጥበቃ ተብሎ ነው። ውጤቱ ግን መድኃኒት በወንዶች ገላ ተሞክሮ ለሴቶችም በዚያው ልክ መታዘዙ ሆነ። መመሪያው የተሻረው በ1993 ነው። በዚያው ዓመት በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የሕክምና ጥናት ሴቶችን እንዲያካትት በሕግ ተደነገገ።

በ2013 ይኸው መሥሪያ ቤት ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ለሴቶች የሚታዘዝበት መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም እንዲወርድ አደረገ። የሴቶች ሰውነት መድኃኒቱን የሚያስወግደው ቀስ ብሎ ስለሆነ ጠዋት ላይም በደማቸው ይቀራል፤ መኪና ለሚነዱት ደግሞ አደጋ ነው። መድኃኒቱ ለሃያ ዓመት ገደማ በአሜሪካ ገበያ ላይ ነበር።

አያችሁ? አንዱ በሐያእ ስም ዝም አለ፣ ሌላው በጥበቃ ስም አስቀረ። ሁለቱም ጋ የከፈለችው ሴቷ ናት።

◆ እኛ ዘንድስ?

ወደ አገራችን እንምጣ። አንዲት የገጠር ልጅ በልጅነቷ ተድራ፣ ለቀናት አምጣ፣ ፊስቱላ ይዟት በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጣች። ማሚቱ ጋሼ ትባላለች። ያከሟት ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ነበሩ። እሷ ከታከመች በኋላ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ሌሎቹን በሽተኞች እያስታመመች ቀረች። ፊደል ያልቆጠረች ልጅ በቀዶ ሕክምና ክፍል እያየች፣ እያገዘች፣ በመጨረሻም ራሷ ቀዶ ሕክምና የምትሠራ ሆነች። በ1974 የተከፈተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ዘንድ ለልምምድ የሚመጡ ሐኪሞችን ጭምር አስተምራለች። ሃይማኖቷ ሌላ ቢሆንም ታሪኳ የሁላችንም ነው። ከተምሩሃን ጋር የሚያገናኛት ነገር ግልጽ ነው፦ መጨረሻ ላይ የነበረች ልጅ ዕድል ስታገኝ የሌሎች መዳኛ ሆነች።

በ2003 የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የካይሮው ሐሳብ ተሻሽሎ የመጣ ይመስላል። ከ30,000 በላይ ሴቶች፣ አብዛኞቹ ከሚያገለግሉበት ቀበሌ ተመልምለው፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ቤት ለቤት ተሠማሩ። ካይሮ ላይ ሐኪማዋ የጎደላት የሰፈር ሰውነት ነበር፤ እነዚህ ግን እውቀቱንም ጉርብትናውንም ይዘው ነው የመጡት። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ 412 ሆነ። ይህ ለውጥ የአንድ ፕሮግራም ውጤት ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ሴቶች ግን በውስጡ ድርሻ አላቸው። አልሐምዱሊላህ እንላለን። ግን 412 እናት ብዙ እናት ናት።

◆ ግዴታው የማን ነው?

ኢማም አል-ገዛሊ (በ1111 የሞቱት) ሕክምና ፈርዱ ኪፋያ ነው ብለው አስተምረዋል። ማለትም ከማኅበረሰቡ በቂ ሰው ካልተማረው ሁሉም ተጠያቂ ነው። በዘመናቸው ብዙ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም ሳይኖራቸው ሰዉ ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር መሮጡንም ነቅፈዋል።

ይህን በራሳችን ላይ እናውለው። ዑለሞቻችን ሴት በሴት ሐኪም ብትታከም ይቀደማል ይላሉ፤ ካልተገኘች ደግሞ ለዶሩራ ወንድ ሐኪም ይፈቀዳል። እኛ ከዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደን ሁለተኛውን ረሳን። ሚስቱን ሴት ሐኪም ካላየቻት ብሎ የሚሟገተው አባት፣ ልጁን ከአሥረኛ ክፍል አስወጥቶ ሲድራት እናያለን። ያቺ ሴት ሐኪም ከየት ትምጣ? የሌላ ሰው ልጅ ብቻ ናት እንዴ የምትማረው? ሙሐመድ ዐሊ ዘንድ ልጁን የሚሰጥ ቤተሰብ ሲጠፋ ዕዳውን የከፈሉት የተሸጡ ልጆች ናቸው። ዛሬ በዝምታችን ዕዳውን የምትከፍለው የራሳችን እናት ናት።

እህታችን፣ ሕክምና፣ ነርስነት፣ አዋላጅነት፣ ፋርማሲ፣ የጤና ጥናት፣ ማንኛቸውንም ብትማሪ ከኡማው ትከሻ ላይ ዕዳ ታነሻለሽ። ባትማሪውም ገላሽን እወቂ። የሚያምሽን ቀን ቁጠሪ፣ ደም ሲበዛ ወይም ሕመሙ ሲለወጥ ለእናትሽ፣ ለእህትሽ ተናገሪ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቢም ሳታፍሪ ዘርዝሪ። የአንሷር ሴቶች ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀዋል።

ወንድማችን፣ እህትህ «የሴት ነገር ነው» ስትል ፊትህን አታዙር። የታክሲ ሒሳብ ስጣት፣ አብረሃት ሂድ፣ በር ላይ ጠብቃት። ትምህርቷን ሊያስቋርጣት የሚመጣ ሰው ካለ ከእሷ ጎን ቁም። ይህም ጀግንነት ነው።

በየመስጂዱና በየመድረሳው ያላችሁ ኡስታዞችና አስተባባሪዎችም፣ በወር አንድ ቀን ሙስሊም ሴት ባለሙያ ጋብዛችሁ ለእህቶች ስለ እርግዝና፣ ስለ ማኅፀን በር ካንሰር፣ ስለ ደም ማነስ ብታስተምር ብዙ ወጪ የለውም።

የተምሩሃን ጓደኞች የብዙዎቹ ስም አልደረሰንም። መቃብራቸውንም አናውቅም። ያለ ፈቃዳቸው ከእናታቸው ተነጥቀው የሌሎችን እናቶች አተረፉ። እኛ ማንም አልሸጠንም፣ ማንም አላስገደደንም። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ነገ አላህ ፊት «ምን ከለከላችሁ?» ስንባል ምን ብለን እንመልሳለን?

አላህ ለእነዚያ ልጆች ይዘንላቸው። የታመሙ እናቶቻችንንና እህቶቻችንን ያሽርልን፣ ከእኛም መካከል የሚያክሙ እጆችን ያብዛልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።